ከሳንቃበር እስከ እሜት ጎጎ በእግር

ከቤት ወጥተን ጥቂት ቀን እንረፍ ሲባል እኛ እናቶች አስቀድመን የምናስበው የምንሄድበትን አገር ሳይሆን ትተነው የምንሄደውን ምጣድ ነው። ሊጡ ቀኑን ጠብቆ ይቦካል፤ ልጁ ትምህርት ቤት ይሄዳል፤ የቤት ኪራዩ ቀን ይደርሳል። በዚህ ላይ የመሥሪያ ቤት የዓመት ፈቃድ የተቆጠረች ናት። ስለዚህም ዕረፍት የሚባለው ነገር ብዙውን ጊዜ ዘመድ ቤት ሄዶ እዚያም ጓዳ መግባት ሆኖ ይቀራል። ዛሬ የማወጋችሁ ግን በዚችው በተቆጠረች ፈቃድ ከአሥራ አራት ዓመት ልጄ ጋር ሆኜ በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በእግር ስለተጓዝኩበት መንገድ ነው። ጉዞው የተደረገው በመስከረም 2012 ዓ.ም. የመስቀልን በዓል አስታከን ነው። ያየሁትን ውበት ብቻ ሳይሆን የሠራሁትንም ጥፋት እነግራችኋለሁ፤ ልጅ ይዛ ወደ ከፍታ ለምትወጣ እናት ከውበቱ ይልቅ ጥፋቱን ማወቅ ሳይጠቅማት አይቀርም።

ነገሩ የተጀመረው በዋልያ ነው። ዋልያ የሚባለው የተራራ ፍየል ከሰሜን ተራሮች በቀር በዓለም ላይ የትም እንደማይገኝ ታውቃላችሁ። ልጄ ግን ስሙን የምታውቀው ከእግር ኳስ ቡድናችን ነበር። አንድ ቀን ጨዋታ እያየን «እማዬ፣ ዋልያ እውነተኛ እንስሳ ነው እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። ነው ብዬ መለስኩላት፤ ግን እኔም አይቼው አላውቅም። እኔ ያላየሁትን አገር ለልጄ እንዴት አድርጌ ልንገራት? አሳቡ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከልቤ አልወጣም።

ስለ ሥፍራው ጥቂት ልበል። ፓርኩ የተቋቋመው በ1962 ዓ.ም. ነው። በ1970 ዓ.ም. መጨረሻ የዓለም ቅርስ መዝገብ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከፈት ከገቡት 12 ሥፍራዎች ሁለቱ የኛው ነበሩ፤ አንዱ የላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት፣ ሁለተኛው ይኸው ሰሜን ነው። በኋላ ግን እርሻውና ግጦሹ እየገፋ፣ አራዊቱም እየተመናመኑ በመሄዳቸው በ1989 ዓ.ም. «አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች» ተራ ገብቶ፣ ከዚያ መዝገብ የወጣው በ2009 ዓ.ም. ነው። ተራሮቹ ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በፊት እሳተ ገሞራ እየደራረበ ያነጠፈው ድንጋይ ናቸው። ዝናብና ወንዝ ሲቦረቡረው ኖሮ አንዳንዱ ገደል እስከ 1,500 ሜትር ይጠልቃል። ቁመቱ ከ4,500 ሜትር በላይ የሆነው ራስ ደጀንም የዚሁ ሰንሰለት ነው።

ከመሄዳችን በፊት የቤቱን ጉዳይ አደላደልኩ። ባለቤቴ ታናሹን ልጅ ይዞ ቤት ቀረ። ሦስት ቀን የሚበቃ እንጀራ ጋግሬ ነበር የሄድኩት። ከዚያ በኋላ ያለውን ቀን በዳቦና በሽሮ እንዳለፉት የሰማሁት ስመለስ ነው፤ አንዳቸውም አልከሱም። ለእኛ ስንቅ ድርቆሽ፣ በሶ፣ ዳቦ ቆሎና የተፈጨ ሽሮ ያዝኩ። ምስር ልጨምር ብዬ ነበር፤ እንኳን ተውኩት። በዚያ ከፍታ ውሃ የሚፈላው 90 ዲግሪ እንኳ ሳይደርስ ነውና ምስርና ባቄላ ቶሎ አይበስልም፤ እሳቱ ያልቃል እንጂ እህሉ አይላላም። በሶ ግን እሳት አይጠይቅም። አያቶቻችን ለመንገድ በሶ የመረጡት ያለ ምክንያት አልነበረም።

ከአዲስ አበባ ጎንደር ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የአባይን በረሃ በአውቶቡስ ተሻግረን፣ ባሕር ዳር አድረን፣ በማግሥቱ ጎንደር ገባን። ከጎንደር ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን መንገዱ አስፋልት ነው። የፓርኩ ጽሕፈት ቤት የሚገኘው ደባርቅ ከተማ ውስጥ ነው። መግቢያ የሚከፈለው፣ መሣሪያ የያዘው ጠባቂ የሚመደበው እዚያ ነው፤ ጠባቂውን በአገሩ «ስካውት» ይሉታል። ጭነት የሚይዝ በቅሎና ነጂም እዚያው ይገኛል። ድንኳንና የመኝታ ከረጢት የሌለው ይከራያል። ለእኛ የደረሱን ስካውት በዕድሜ ከኔ የሚበልጡ፣ ከአፋቸው ቃል የማይወጣ ገበሬ ነበሩ። ጋሼ እያልን ነው የሄድነው።

ደባርቅ ያደርን ዕለት ቡና የጠጣንባቸው እናት ነገር ሳልነግራችሁ ማለፍ አልችልም። ወዴት እንደምንሄድ ጠየቁኝና ሳንቃበር፣ ግጭ፣ እሜት ጎጎ፣ ከቀናንም ጨነቅ ብዬ ቆጠርኩላቸው። ግጭ ስል ጀበናውን አስቀመጡ። ለካ የተወለዱትም፣ የወለዱትም እዚያ ነው። የግጭ መንደር በፓርኩ መካከል የነበረ፣ ቁልቁለቱን ገብስ እያረሰ የኖረ መንደር ነው። ነዋሪዎቹ በ2008 ዓ.ም. ካሳ ተከፍሏቸው ወደ ደባርቅ ተዛወሩ። «እንዴት ነው ታዲያ ከተማው?» አልኳቸው። «አልሐምዱሊላህ። ለልጆቼ ትምህርት ቤት ቀረባቸው፤ ገብሱ ግን ቀረብኝ» አሉኝ። ስንነሣም አደራ ጣሉብኝ፤ «እታለም፣ ከመንደሩ አጠገብ ምንጭ አለ። ዕድሜዬን የቀዳሁበት ነው። ደርቆ እንደሆነ፣ አልደረቀ እንደሆነ እይልኝ» አሉኝ። እሺ ብዬ ወጣሁ።

እግራችንን ያነሣነው ቡይት ራስ ከሚባለው ቦታ ነው። ከዚያ እስከ ሳንቃበር ሦስትና አራት ሰዓት ያስኬዳል። መንገዱ የገደሉን አፋፍ ይዞ ይሄዳል፤ በግራ በኩል የቆላው ሸለቆ ጉም ለብሶ ተኝቷል፤ በቀኝ በኩል አስታ፣ ቀጋና ሣር ነው። መስከረም ስለነበረ አደይ አበባው ገና አልረገፈም። ጦስኙን እየረገጥን ነበር የምንሄደው። በየርምጃው ሽታው ሲነሣ የእናቴ ጓዳ ትዝ ይለኝ ነበር፤ እሷ ሻይ ውስጥ ትጨምረው ነበር። አንድ እፍኝ ለመልቀም ጎንበስ ስል ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። በፓርኩ ውስጥ ቅጠልም ቢሆን አይለቀምም። አፈርኩና እጄን ሰበሰብኩ።

ጭላዳ ዝንጀሮዎቹን ያገኘናቸው በዚሁ መንገድ ላይ ነው። በመቶ የሚቆጠሩ ሆነው ሜዳው ላይ ተቀምጠዋል። ጎመን እንደምትለቅም ሴት በሁለት እጃቸው ሣሩን እየነጩ ወደ አፋቸው ይሰዳሉ። ምግባቸው ሣር ነው። ወንዱ እንደ አንበሳ ያለ ጎፈር አለው፤ ደረታቸው ላይ ግን ወንዱም ሴቷም ጠጉር የሌለው ቀይ ቆዳ አላቸው። ማታ ማታ ነብርና ጅብ እንዳያገኛቸው ገደሉ ውስጥ ወርደው ድንጋይ ላይ ያድራሉ። ለዚህ ዓምድ አንባቢ የሚስማማውን ደግሞ ልንገራችሁ። በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ሴቶቹ እናትና ልጅ፣ እኅትና እኅት ሆነው ዕድሜያቸውን አብረው ይኖራሉ። የሚለዋወጠው ወንዱ ነው። አንዱ መጥቶ የነበረውን ተዋግቶ ያስወጣዋል፤ ቤቱ ግን የሴቶቹ ቤት እንደሆነ ይቀጥላል። ልጄ ይህን ስትሰማ ሳቀች፤ ጋሼ ግን አልሳቁም።

አንድ ነገር ደግሞ አስገረመኝ። እኛ ለዚህ ጉዞ ብለን ወፍራም ጫማ ገዝተናል፣ ዱላ ይዘናል፣ በየሰዓቱ እናርፋለን። ወዲያው ከኋላችን አንዲት ሴት ልጅ አዝላ፣ በእጇ ሁለት ዶሮ አንጠልጥላ፣ ኮንጎ ጫማ ተጫምታ ደረሰችብን። «እንደምን ዋላችሁ?» ብላ አለፈችና ሰላምታውን መልሰን ሳንጨርስ ኩርባው ጋ ተሰወረች። ወደ ገበያ እየሄደች ነው። የተራራው የጎብኚ መንገድ የሚባለው አብዛኛው እንዲህ ነው። በካርታ ላይ መስመር ከመሰመሩ በፊት እናቶች ወደ ገበያና ወደ ውሃ፣ እረኞችም ወደ ግጦሽ ሲመላለሱ በእግራቸው ያቀኑት ነው። ስለዚህ ከኋላችሁ ሰው ሲመጣ መንገድ ልቀቁ። ለእናንተ ሽርሽር ነው፤ ለእሷ ሥራ ነው።

ሳንቃበር ከፍታው 3,250 ሜትር ነው። ድንኳን የሚተከልበት ሜዳ፣ መጸዳጃና ማብሰያ ጎጆ አለ። ሌሊቱ ይበርዳል። ጋቢ ይበቃናል ብላችሁ እንዳትታለሉ፤ ጋቢ ደረቅ ሲሆን መልካም ነው፤ ጉም ሲጠጣው ግን ይከብዳል፣ አይሞቅም። የሱፍ ሹራብና ካልሲ፣ ጆሮ የሚሸፍን ቆብ፣ ዝናብ የማያስገባ ካፖርት ያዙ። ቀን ደግሞ ፀሐዩ ቆዳ ይልጣል፤ ባርኔጣ አይረሳ።

በሁለተኛው ቀን ጧት ወደ ግጭ አመራን። ከሳንቃበር አንድ ሰዓት ተኩል ያህል እንደተጓዝን ጋሼ ከዋናው መንገድ ወጥተው በአስታው መካከል በቀጭን መንገድ ወሰዱን። አስታው ያረጀ ነው፤ ከየቅርንጫፉ እንደ ሽማግሌ ጺም ያለ ነጭ ነገር ተንጠልጥሏል። መጨረሻው ላይ መሬቱ ሹል ሆኖ ወደ ባዶው ይወጣል። ግራና ቀኙ ገደል ነው፤ መከለያ አጥር የሚባል ነገር የለም። የልጄን እጅ አጥብቄ ያዝኩ፤ ትልቅ ልጅ ነችና ተቀየመችኝ። እኔ ግን አልለቀቅሁም፤ እናንተም አትልቀቁ።

ከፊታችን ጅንባር ይወርዳል። የጅንባር ወንዝ ከግጭ በታች ያለውን ሜዳ ቀስ ብሎ ሲያቋርጥ ይቆይና ድንገት መሬት ያልቅበታል። አምስት መቶ ሜትር ያህል ወደ ግጭ ገደል ይወረወራል። የመስከረም ውሃ ሙሉ ነበር። ከላይ ሲነሣ ውሃ ነው፤ መካከል ላይ ሲደርስ ነፋስ ይበትነውና ዱቄት ይመስላል፤ ታች ሲደርስ ምን እንደሚሆን ጉሙ ስለሸፈነው አላየንም። ድምፁ ራሱ የሚመጣው ከፏፏቴው ሳይሆን ከእግራችን ሥር ከገደሉ ውስጥ ነው። መጨረሻው ተከዜ ነው። የዚያን ያህል ጊዜ ዝም ብለን ተቀምጠን አናውቅም፤ ስልክ የለ፣ ጠሪ የለ። ይህን ፏፏቴ ለማየት የሚመቸው ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር ነው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ብላችሁ ጥርና የካቲት ብትሄዱ ሰማዩ ጥርት ያለ ይሆናል፣ መንገዱም ይደርቃል፤ ጅንባር ግን ይቀጥናል። በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ ዝናብና ጉም ነው። ምርጫው የናንተ ነው።

ከዚያ ቁልቁል ወርደን ወንዙን ተሻገርን፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ዳገት ብቻ ነው። የግጭ ሰፈር 3,600 ሜትር ላይ ነው። ዳገቱን ስንወጣ በመጋቢትና በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. የተነሣው ቃጠሎ ያለፈበትን አየን። የአስታው ግንድ ከስሎ ቆሟል፤ ከሥሩ ግን አዲስ ለምለም ቅጠል ይዟል። ያን እሳት ለማጥፋት የአካባቢው ሰው በቅጠልና በአፈር ሲታገል ሰንብቷል፤ ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ሠራተኞች መጥተው እንደረዱም በጊዜው ሰምታችሁ ይሆናል። የቀድሞው መንደር ያለበትን ቁልቁለት አልፈን ነው ወደ ሰፈሩ የወጣነው። የገብሱ እርከን እንዳለ ነው፤ ሣር ለብሷል።

ከሰፈሩ በላይ ያለው ሜዳ የጓሳና የጅብራ አገር ነው። ልጆቻችን ሥራ ታዘው ሲቆሙ «ምን እንደ ጅብራ ትገተራላችሁ!» እያልን ስንቆጣ ኖረን፣ ልጄም እኔም ጅብራን በዓይናችን ያየነው ያን ዕለት ነው። እውነትም ይገተራል። ከሰው ቁመት በላይ ሆኖ፣ ቅጠሉን አናቱ ላይ እንደ ጥላ ዘርግቶ፣ አንዱ እዚህ አንዱ እዚያ በጉም ውስጥ ቆሟል። ለብዙ ዓመታት ሳያብብ ይኖራል፤ አንድ ጊዜ ብቻ ረጅም አበባ ያወጣና ዘሩን በትኖ ይደርቃል። ስድቡ ቢያንስ ለተክሉ አይገባውም።

ጥፋቴ የተጀመረው እዚህ ነው። የዚያን ዕለት ማታ ልጄ ሽሮዋን ሳትነካ ቀረች። ራሷን እንዳመማት ጠይቄ አወጣሁባት። የራስ ምታት ክኒን ሰጠኋት፣ ብርድ ነው አልኩ፣ ተኚ አልኳት። ጧት «ደኅና አደርሽ?» ስላት «ደኅና ነኝ እማዬ» አለችኝ። ደኅና ነኝ ማለቷን ወደድኩት፤ ፊቷን ግን አላየሁም። አንድ ቀን እዚያው ብንውል ኖሮ ሰውነቷ ከፍታውን በለመደ ነበር። እኔ ግን የፈቃዴን ቀን እየቆጠርኩ ነበር። ያን ዕለት እሜት ጎጎ ደርሰን፣ እናትዬ በሚባለው ተራራ ላይ አልፈን፣ ማታ ጨነቅ መግባት አለብን፤ ዋልያው የሚገኘው በዚያ በኩል ነው።

እሜት ጎጎ ከግጭ ሰፈር ሁለት ሰዓት ገደማ ያስኬዳል። ከፍታው 3,926 ሜትር ነው። እሜት የባለትልቅ ቤት እመቤት መጠሪያ ነው። ስሙን ስሰማ ነጠላዋን ተከናንባ ሰገነት ላይ የተቀመጠች ባልቴት ነበረች በዓይኔ የመጣችው፤ ስደርስም አላሳፈረችኝም። ሜዳው ሄዶ ሄዶ በሦስት ወገን ይቆረጣል። ከታች ሹል ሹል ተራሮች አንዱ ካንዱ ጀርባ ቆመው እስከ ቆላው ድረስ ይታያሉ። አጥንት ከሰማይ ጥሎ ድንጋይ ላይ የሚሰብረው ታላቁ አሞራ ከእግራችን በታች ሲያንዣብብ አየሁት። የአሞራን ጀርባ ከላይ ሆኜ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

ዞር ብዬ ልጄን «እይ፣ እይ» ስላት ተቀምጣለች። ከንፈሯ ገርጥቷል። ከዚያም ያን ጥቂት በሶ አስመለሳት። ጋሼ መሣሪያቸውን ትከሻቸው ላይ አደረጉና «እንመለስ» አሉ። እኔ ያልኩትን ስጽፈው ዛሬም ያሳፍረኛል። «ትንሽ ትረፍና እንቀጥላለን፤ ራስ ምታት ብቻ ነው፤ በቅሎው እኮ ወደ ጨነቅ ሄዷል» አልኳቸው። በዚያች ሰዓት በልቤ የነበረው የከፈልኩት ብር፣ ያስፈቀድኩት ቀን፣ ለጎረቤት የተናገርኩት ነገር ነው። ሁለት ቀን ሙሉ ዝም ያሉት ሰው ያን ጊዜ ተናገሩ። «እትዬ፣ በቅሎ እንኳ ሲከብዳት ጭነቷ ይወርድላታል። ልጅ በግድ ትነዳለች?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ተመለስን። ነጂውን ሰው ልከን አስጠራነው። ልጄን በቅሎ ላይ አውጥተን ያንኑ መንገድ ቁልቁል ያዝነው፤ ግጭን አልፈን፣ ጅንባርን ተሻግረን ማታ ሳንቃበር ገባን። ከግጭ ወደ ሳንቃበር ልዩነቱ 350 ሜትር ብቻ ነው፤ ያም ሆኖ መጀመሪያ ራሷን ተሻላት፣ ከዚያ ውሃ ጠየቀች፣ ማታ ደግሞ ድርቆሹን እኔ ሳልደርስበት ጨረሰችው። በዚያ ሌሊት ነው እውነቱን የነገረችኝ። ራሷን ያመማት ከመጀመሪያው ዳገት ጀምሮ ነበር። ውሃም አትጠጣም ነበር፤ በመንገድ መጸዳጃ ስለሌለ፣ በወንዶቹ ፊት ወደ ቁጥቋጦ መሄድ አፍራ ጥሟን ይዛ ዋለች። ያልነገረችኝም የኔ ጉጉት እንዳይሰበር ብላ ነው።

ስለዚህ እኅቶቼ፣ ይህን ልብ በሉ። ከፍታ የሚያመጣው ሕመም የድካም ወይም የስንፍና ጉዳይ አይደለም፤ ጎበዙንም ደካማውንም ይይዛል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ የምግብ ፍላጎት መቀነስ ምልክቶቹ ናቸው። ምልክቱ ከታየ እዚያው ማረፍ፣ ከባሰ መውረድ ነው። ክኒን ሕመሙን ይደብቀዋል እንጂ መንገዱን አይከፍትም። ሰው ሲራመድ ከተንገዳገደ ወይም ተቀምጦ ትንፋሹ ከቆረጠ ለሊት ነው ሳይባል ወዲያውኑ መውረድ አለበት። ሴት ልጅ ይዛችሁ ከሆነ ደግሞ ከመነሣታችሁ በፊት ለብቻዋ አነጋግሯት። በመንገድ ቢቸግራት እንዴት እንደምታደርጉ፣ ነጠላ ይዛችሁ እንደምትጋርዱላት፣ የወር አበባዋ ቢመጣ የሚያስፈልገው ሁሉ በኪሳችሁ እንዳለ ንገሯት። የተጠቀመችበትንም በከረጢት ይዛችሁ ተመለሱ እንጂ እዚያ አትጣሉት። ይህን ሳታፍሩ ብትነጋገሩ ልጅቱ ውሃዋን ትጠጣለች።

ሰውነትን ማለማመድም መልካም ነው። የአዲስ አበባ ሰው ከሆናችሁ ጥቂት ቅዳሜ እንጦጦን ወይም የመናገሻ ሱባን ደን በእግር ውጡ። ደባርቅ አንድ ሌሊት፣ ሳንቃበር ሁለት ሌሊት ብታድሩ ከኔ የተሻለ አደረጋችሁ ማለት ነው።

ከዚያ ጉዞ ወዲህ በአገሩ ላይ ብዙ ነገር አልፏል። በ2012 ዓ.ም. አጋማሽ ወረርሽኙ መጣ፤ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ተጀመረ፤ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮም የአማራ ክልል በግጭት ውስጥ ገባ። በእነዚህ ዓመታት የጎብኚው እግር አጥሮ በቅሎ ነጂው፣ አብሳዩና መንገድ መሪው ሥራ አጥተዋል። የዋልያው ቁጥር እንደገና መቀነሱም ተነግሯል። ስለሆነም ከመነሣታችሁ በፊት ስለ መንገዱ ሁኔታ እዚያው ያለውን ሰው ጠይቁ። የሚያጠራጥር ነገር ከሰማችሁ ልጅ ይዛችሁ አትነሡ፤ ፈቃዳችሁን ለሌላ ጊዜ አቆዩት።

ወደ ደባርቅ የተመለስነው በማግሥቱ ነው። ዋልያውን ሳናይ ቀረን፤ ልጄም ዛሬ ድረስ የምታውቀው በማሊያ ነው። ለጋሼ ስንሰናበታቸው የልጄን ራስ በእጃቸው ዳሰስ አድርገው «በርቺ» አሏት፤ ሌላ አልተናገሩም። ከዚያ አውቶቡስ እስኪመጣ እነዚያ እናት ዘንድ ቡና ልንጠጣ ገባን።

ገና ሳንቀመጥ «ምንጩስ? አየሽልኝ?» አሉኝ።

አንገቴን ደፋሁ። በመውጫው ቀን ለመድረስ ስቸኩል፣ በመውረጃው ቀን ስለ ልጄ ስዋከብ በዚያ በኩል ሁለት ጊዜ አልፌ አንድ ጊዜም አላስታወስኩትም። «እትዬ፣ ሳላይልዎት ቀረሁ። ልጄ ታማብኝ ነበር» አልኳቸው።

«ኧረ ምንም አይደል። ልጅሽ ትበልጣለች» ብለው ጀበናውን አነሡ።

ይኸኔ ልጄ «እኔ ሰምቼዋለሁ» አለች። ሁለታችንም ወደ እሷ ዞርን። «ግጭ ያደርን ዕለት አልተኛሁም ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ውሃ ሲወርድ ይሰማኝ ነበር።»

«ከወዴት በኩል?» አሏት።

«ከድንኳኑ በታች፣ ወደ መንደሩ በኩል።»

«እንግዲያው እሱ ነው» አሉና መጀመሪያ ለእሷ ቀዱላት።